«አትደውል» ያልኩት እኔ ነኝ

ዛሬ የምጽፈው የፌዴራልና የአካባቢ ፖሊስ እንዴት ተባብረው ሊሠሩ እንደሚገባ ነው። ርእሱ ደረቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። እኔ ግን ነገሩን ከሕግ አንቀጽ ሳይሆን፣ ለብዙ ዓመታት ለማንም ሳልናገረው ከቆየሁት አንድ የግል ጥፋቴ እጀምራለሁ። (የአሜሪካውን ዘመን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ የአገር ቤቱን ስጠቅስ «ዓ.ም» እላለሁ።)

ወሩ ኦክቶበር 2002 ነበር። በዚያን ጊዜ በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አዋሳኝ ታክሲ እነዳለሁ። በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ፣ ከየት እንደሚተኩስ የማይታወቅ ነፍሰ ገዳይ በከተማዋ ዙሪያ ዐሥር ሰዎችን ገድሎ ሦስት አቁስሏል። ሣር የሚያጭድ፣ መኪናውን የሚያጸዳ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ያለ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚገባ ታዳጊ፣ ማንንም አልመረጠም። ኦክቶበር 3 ማለዳ አስፐን ሂል በተባለው ሰፈር ነዳጅ ሲቀዳ የተገደለው ሰው ከሕንድ የመጣ ታክሲ ነጂ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ ታክሲ ነጂዎች ነዳጅ ስንቀዳ በጎማውና በማሽኑ መካከል አጎንብሰን ነበር የምንጠብቀው። አንዳንድ ማደያዎች ደንበኞቻቸውን ከእይታ ለመከለል ሸራ ሰቅለው ነበር። ከደርግ ዘመን ጥይት ያመለጥን ሰዎች በሜሪላንድ ማደያ ስናጎነብስ እርስ በርስ እየተያየን በሐፍረት የምንስቅበት ጊዜም ነበር።

አብሮኝ አንድ አፓርታማ ተጋርቶ የሚኖር ባልደረባ ነበረኝ። ሌሊት በመኪና ማቆሚያ ይሠራል፤ የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ውሳኔ አላገኘም። አንድ ማለዳ ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ «ሁለት ቀን በተከታታይ ጆርጂያ አቬኑ አጠገብ አንዲት አሮጌ፣ ጠቆር ያለች መኪና ጥግ ይዛ ቆማ አየሁ። ታርጋዋ የዚህ ስቴት አይደለም። ውስጧ ሰዎች አሉ። ለፖሊስ ልደውል እንዴ? ምን ትላለህ?» አለኝ።

እኔም እንዲህ ስል መለስኩለት፦ «የሚፈለገው ነጭ ቫን ነው ሲባል አልሰማህም? ደግሞስ ስምህንና ወረቀትህን ቢጠይቁህ ምን ልትላቸው ነው? የራስህ ጉዳይ ሳያልቅ የሰው ጉዳይ ውስጥ አትግባ። አርፈህ ተኛ፤ አትደውል።»

አልደወለም። ማመልከቻ አስገብቶ የሚጠባበቅ ሰው ፖሊስ ጋ ስለ ደወለ ብቻ አይባረርም፤ ይህን ሁለታችንም ጠንቅቀን ማወቅ ይገባን ነበር። ነገር ግን ፍርሃታችን ከአሜሪካ ሕግ የመጣ ሳይሆን ከአገራችን ይዘነው የተሻገርነው ስለ ነበረ፣ ሕጉን የመጠየቅ ሐሳብ እንኳ አልመጣልንም።

ገዳዮቹ ኦክቶበር 24 ሌሊት ላይ ተያዙ። የተያዙት በነጭ ቫን አልነበረም፤ የኒው ጀርሲ ታርጋ በለጠፈች አሮጌ ሰማያዊ ሸቭሮሌ ካፕሪስ ነበር። ዜናውን በቴሌቪዥን ስንመለከት ባልደረባዬ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም። እርሱ ያያት መኪና ያቺው ነበረች ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ሌላ ነበረች ብዬ አምናለሁ፤ በዚያ ከተማ ስንት አሮጌ ጠቆር ያለች መኪና አለ! ሆኖም ያቺ ብትሆንስ ኖሮ? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ የዚያን ምርመራ ታሪክ እያነበብኩ ስመላለስ የኖርኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩን እንደሚከተለው ተረድቼዋለሁ።

በአሜሪካ ነፍስ ግድያ በመሠረቱ የስቴት ወንጀል ነው። የሚመረምረው የካውንቲው ወይም የከተማው ፖሊስ እንጂ ኤፍ.ቢ.አይ አይደለም። ገዳዮቹ ግን ወሰን አያውቁም ነበር፤ ዛሬ ሜሪላንድ፣ ማታ ዲሲ፣ በማግሥቱ ቨርጂኒያ። በእያንዳንዱ ወሰን ላይ ሌላ ፖሊስ፣ ሌላ ዐቃቤ ሕግ፣ ሌላ የሬዲዮ ሞገድ ይጠብቃል። መጀመሪያ ግድያው የበረታበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የፖሊስ አዛዥ ቻርልስ ሙስ የፌዴራሉን መንግሥት እርዳታ ጠየቀ። «ጠየቀ» የምትለውን ቃል አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። በ1998 የወጣ የፌዴራል ሕግ ኤፍ.ቢ.አይ በተከታታይ ግድያ ምርመራ እንዲገባ የሚፈቅደው፣ ሥልጣን ያለው የአካባቢ ፖሊስ ኃላፊ ሲጠይቀው ነው። ስለዚህ የፌዴራሉ ኃይል ገባ፤ የገባው ግን እንደ ተጋበዘ እንግዳ እንጂ እንደ ቤቱ ባለቤት አልነበረም። ሙስ፣ የኤፍ.ቢ.አዩ ኃላፊና የአልኮል፣ የትምባሆና የጦር መሣሪያ ቢሮው ኃላፊ በአንድነት ግብረ ኃይሉን መሩ። ለሕዝቡ በየዕለቱ የሚናገረው ግን ያው የካውንቲው ፖሊስ አዛዥ ነበር።

ትብብሩ ከሰማይ አልወረደም። የዋሽንግተን አካባቢ የፖሊስ አዛዦች ቀድሞውኑ በአካባቢው መስተዳድሮች ምክር ቤት ሥር የሚገናኙበት ኮሚቴ ነበራቸው። ስለዚህ ያ ክፉ ቀን ሲመጣ ይተዋወቁ ነበር።

እንከን አልነበረበትም ማለቴ ግን አይደለም። ኦክቶበር 8 ቀን በባልቲሞር አንድ ፖሊስ ከገዳዮቹ አንዱን በዚያችው መኪና ውስጥ ተኝቶ አግኝቶ ቀስቅሶ አሰናብቶታል። የታርጋው ቁጥር በተለያዩ ቦታዎች ደጋግሞ በፖሊስ ተመርምሯል፤ መኪናዋ ስላልተሰረቀችና የእስር ትእዛዝ ስላልወጣባት በየጊዜው በሰላም አልፋለች። ኦክቶበር 3 ምሽት በዲሲ ለተፈጸመው ግድያ አንድ የዓይን ምስክር ጠቆር ያለች አሮጌ ካፕሪስ ማየቱን ተናግሮ ሳለ፣ የሕዝቡ ዓይን ግን ነጭ ቫን ፍለጋ ላይ ተተክሎ ቀረ። እያንዳንዱ ፖሊስ የእንቆቅልሹን አንድ ቁራጭ በእጁ ይዟል፤ ቁራጮቹን የሚገጥም አልነበረም።

በመጨረሻ የገጠማቸው የጣት አሻራ ነው። ገዳዮቹ ለፖሊስ ደውለው በአላባማዋ ሞንትጎመሪ ከተማ ስለ ተፈጸመ ግድያ ፎከሩ። እውነትም ሴፕቴምበር 21 ቀን እዚያ በአንድ የመጠጥ መደብር አንዲት ሴት ተገድላ ሌላ ሴት ቆስላ ነበር፤ በቦታው በወደቀ የጦር መሣሪያ መጽሔት ላይም አሻራ ተገኝቷል። የአካባቢው መዝገብ የማን እንደ ሆነ አልነገራቸውም። ግብረ ኃይሉ አሻራውን በብሔራዊው መዝገብ ሲያስፈትሸው ግን የሊ ቦይድ ማልቮ ሆነ። ማልቮ በዲሴምበር 2001 በዋሽንግተን ስቴት ቤሊንግሃም ከተማ ተይዞ አሻራ ሰጥቶ ነበር። አሻራውን የወሰደው መሥሪያ ቤት ማን መሰላችሁ? የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ነው! ከማልቮ ወደ ጆን አለን ሙሐመድ፣ ከሙሐመድ ወደ መኪናዋ ለመድረስ ቀናት እንጂ ሳምንታት አልፈጀም። የመኪናዋ ስምና ታርጋ በሬዲዮ ሲነገር የሰማ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በአውራ ጎዳናው ማረፊያ ቆማ አያት፤ ደወለም። እነሆ በመጨረሻው ሰዓት ቁልፉ የነበረው ደዋይ ነው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እመለሳለሁ። ኦክቶበር 21 ቀን በሪችመንድ አቅራቢያ ፖሊስ አንድ የሕዝብ ስልክ ከቦ ሁለት ሰዎችን ያዘ። ሰዎቹ ከግድያው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራቸውም፤ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የላቲን አሜሪካ ሰዎች ሆነው ተገኙ፤ ለኢሚግሬሽንም ተላልፈው ተሰጡ። ይህ ዜና በየሰፈሩ ሲሰማ ምን እንደሚያስከትል ኃላፊዎቹ ወዲያው ገባቸው። ሙስ ስደተኞች ያዩትን እንዲናገሩ በአደባባይ ተማጸነ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጄምስ ዚግላርም በዚህ ጉዳይ ምስክሮች ለአካባቢ ፖሊስ የሰጡትን የመኖሪያ ፈቃድ መረጃ መሥሪያ ቤታቸው እንደማይጠይቅ በይፋ ቃል ገቡ።

ቃሉ መልካም ነበር፤ ለእኛ አፓርታማ ግን ዘግይቶ ደረሰ። «አትደውል» የሚለው ቃል ከአፌ ከወጣ ሰንብቷል። ደግሞም መታመን በአንድ ጋዜጣዊ መግለጫ አይገዛም።

እንግዲህ የማምንበትን ልናገር። የኢሚግሬሽን መዝገብ ገዳዩን አጋለጠ፤ የኢሚግሬሽን ፍርሃት ደግሞ ምስክሩን ዝም አሰኘ። ሁለቱም ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጡ ናቸው። ስለዚህ «ፌዴራሉ ከአካባቢው ፖሊስ ይራቅ» የሚለው ወገን ተሳስቷል፤ አሻራው ባይጋራ ኖሮ ስንት ሰው ይጨመር እንደ ነበር ፈጣሪ ይወቀው። «ሁሉም ፖሊስ አንድ ነው፣ ሁሉም ሁሉን ይጠይቅ» የሚለውም ተሳስቷል፤ ሁሉን የሚጠይቅ ፖሊስ ዘንድ የሚደውል የለምና። ማስረጃ በሁለቱ መካከል ያለ ገደብ ይዘዋወር፤ ሥልጣን ግን በገደብ ይሁን። የአካባቢ ፖሊስ ሀብቱ ጠመንጃው አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ለእርሱ መናገሩ ነው። ፌዴራሉ ይህን ሀብት ሊዋሰው ይችላል፤ ያለ ልክ ካወጣው ግን ለሁለቱም ያልቃል።

ይህን ስጽፍ አገር ቤት ትዝ ይለኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአጎቴ አይሱዙ በአንድ የክልል ከተማ ተሰርቆ አዲስ አበባ ቆሞ ታየ። አጎቴ ወደ አንደኛው ጣቢያ ሲሄድ «ወንጀሉ የተፈጸመው እዚያ ነው፤ ደብዳቤ አምጡ» ይሉታል። ወደ ሁለተኛው ሲሄድ «ንብረቱ ያለው እዚያ ነው፤ እነርሱ ይጻፉልን» ይሉታል። ስድስት ወር ሙሉ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ደብዳቤ አመላላሽ ሆኖ ከረመ። መፍትሔው የመጣው ከሕግ አልነበረም። አንድ ደግ ኢንስፔክተር ሰንዳፋ ፖሊስ ኮሌጅ አብሮት የሠለጠነ ጓደኛው በሌላኛው ከተማ መኖሩን አስታውሶ ስልክ አነሣ። ጉዳዩ በሦስት ቀን አለቀ። አጎቴ መኪናውን ሲረከብ፣ «ልጄ፣ ይህ ሰው ሰንዳፋ ባይማር ኖሮ አይሱዙዬ ትበሰብስ ነበር» አለኝ። ሳቅሁ፤ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የአንድ ሰው መብት ሁለት መኮንኖች አብረው በመሠልጠናቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና።

የእኛም ሕግ በወረቀት ላይ የሚያሳፍር አይደለም። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የፌዴራሉን ፖሊስ ለፌዴራሉ፣ በአንቀጽ 52 የክልሉን ፖሊስ ለክልሉ ሰጥቷል። ከክልሉ አቅም በላይ የሆነ የፀጥታ መደፍረስ ሲያጋጥም የአገር መከላከያ ሠራዊት የሚሰማራው በክልሉ መስተዳድር ጥያቄ መሠረት መሆኑንም ይኸው አንቀጽ 51 ይናገራል። እነሆ ያቺው «ጥያቄ» የምትባል ቃል! ክልሉ ራሱ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ሲጥል ደግሞ ያለ ጥያቄ ጣልቃ የሚገባበት መንገድ በፌዴሬሽን ምክር ቤት በኩል ተበጅቷል፤ ዝርዝሩም በአዋጅ ቁጥር 359/1995 ተደንግጓል። ሁለቱ በሮች ተለይተው ተቀምጠዋል ማለት ነው፤ አንደኛው የሚከፈተው ከውስጥ፣ ሁለተኛው በከባድ ምክንያት ከውጭ።

ችግራችን የቱ በር እንደ ተከፈተ ሕዝቡ አለማወቁ ነው። ጠየቀ የተባለው ክልል መቼና በማን አንደበት እንደ ጠየቀ አይነገርም። በሕገ መንግሥቱ ስማቸው ያልተጠቀሰው የክልል ልዩ ኃይሎች ዓመታት ሙሉ ሲያድጉ ማን ምን እንደ ፈቀደ አልተነገረንም። በመጋቢት 2015 ዓ.ም መጨረሻ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ መወሰኑ ሲነገርም፣ የሰማነው ውሳኔውን እንጂ ምክክሩን አልነበረም፤ በአማራ ክልል ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ውሳኔው በመርሕ ደረጃ ትክክል ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ምክንያታቸውንም አልንቅም፤ በአንድ አገር ብዙ ሠራዊት አይበጅም። ነገር ግን የትኛውም ወገን እውነት ቢኖረው፣ ሳይጠየቅ የታዘዘ ሰው ከልቡ አይተባበርም። ትእዛዝ እግርን ያንቀሳቅሳል፤ ልብን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነገር ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ሕመም ቢሆን ኖሮ «አልሠለጠንንምና ነው» ብዬ እተወው ነበር። ግን ኦገስት 11 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የዲሲ ራስ ገዝ አስተዳደር ሕግ ክፍል 740ን ጠቅሰው የከተማዋን ፖሊስ ለሠላሳ ቀን በፌዴራል ቁጥጥር ሥር አደረጉ። የኢሚግሬሽን መኮንኖችም ከከተማው ፖሊስ ጋር በጎዳናው ሲንቀሳቀሱ ታዩ። የአካባቢ ፖሊስ የኢሚግሬሽን ሥራ እንዲሠራ የሚያስችሉ 287(ጂ) የሚባሉ ስምምነቶችም ከዚያ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ በመላ አሜሪካ በእጅጉ ተበራክተዋል። ደጋፊዎቹ ወንጀል ቀንሷል ይላሉ፤ ከወንጀል መቀነስ ጋር ጠብ ያለው ሰው የለም። እኔ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ ወንጀል ሲፈጸም የማይደወለው ስልክ በየትኛው መዝገብ ይቆጠራል? የእኔና የባልደረባዬ ዝምታ በ2002 በማንም መዝገብ አልገባም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የምግብ አመላላሽ የሆነ ወጣት የአገሬ ልጅ በሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ አገኘኝ። ብስክሌቱ ተሰርቆበታል፤ የሰረቀውንም በዓይኑ አይቶታል። «ጋሼ፣ ለፖሊስ ባመለክት ምን ይደርስብኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ያ የድሮው ቃል ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ከጎኑ ተቀምጬ ስልኩን በእጄ ይዤ አብሬው ደወልኩ። ያነጋገረችን ፖሊስ ስለ ብስክሌቱ ቀለም ጠየቀች፣ ስለ ሌባው ልብስ ጠየቀች፤ ስለ ወረቀቱ አልጠየቀችም። ልጁ ስልኩን ሲዘጋ በረጅሙ ተነፈሰ።

ብስክሌቱ አልተገኘም። ልጁ ግን በሚቀጥለው ጊዜ፣ ከብስክሌት የሚበልጥ ነገር ያየ ዕለት፣ ይደውላል። ፌዴራሉም ሆነ አካባቢው፣ አሜሪካም ሆነ ኢትዮጵያ፣ ተባብረው ሊጠብቁት የሚገባው ይህን ነው። ያን ጊዜ አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ ዛሬ ዜግነት አግኝቶ በሌላ ስቴት ይኖራል። ይህን ጽሑፍ ካነበብከው፣ ወንድሜ፣ ያን ማለዳ ትክክል የነበርከው አንተ ነህ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅርታህን እለምናለሁ።

ቸር ይግጠመን።